በዋንጫው ቀን ግዛው ለምን ተቀመጠ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድሜ፣ ለጋሼ ሀይለማርያም፤ ናዝሬት።

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? ያ ወገብዎ ብርድ ሲገባ ይነሳብዎ ነበር፤ ዘንድሮ ምሕረት አደረገልዎ? እትዬ ፀሐይነሽ ደህና ናቸው? የዓይናቸውን ነገር ሐኪሙ ምን አለ? ትህትናስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛው ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለሥራ ከመሮጥ በቀር ክፉ ነገር የለብንም። ልጄ ሳሌም በቁመት አልፋኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እርስዎን ግን «ትልቁ አባባ» ማለቷን አልተወችም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳይሉኝ። በስልክ የባለቤቴን የአባይነህን ስም ባነሳሁ ቁጥር «መስመሩ ይቆራረጣል» ይሉና ይዘጉታል። መስመሩ እንደማይቆራረጥ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ከእኔ ጋር አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው ውድነሽ ወደ አገር ስትገባ ይህን በእጇ ላክሁልዎ። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋብኝም።

ኢሳይያስ የነገረዎትን ሁሉ አውቃለሁ። «የእህታችን የጽጌረዳ ባል ናቀኝ፣ ሰው ፊት አዋረደኝ» ብሎ ነግሮዎታል። ታናሽ ወንድማችን አልዋሸም፤ ያየውን ነው የነገረዎት። እኔም ያኔ ከእሱ የተለየ አላየሁም። አሁን ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎና ፍርዱን ለእርስዎ ልተወው። በልጅነቴ «ይቺ ልጅ ፖሊስ ናት» ይሉኝ አልነበር? መርምሬ ነው የምጽፍልዎ።

እዚህ በየበጋው የእኛ ሰዎች የእግር ኳስ ውድድር አለ። ቡድኖቹ በሰፈር ስም ይጠራሉ፤ እኛ ያለንበት ሞንትቤሎ አንድ ቡድን አለው፣ ኢሳይያስ የሚኖርበት ኦሪጅናል ኦሮራ አንድ፣ ሊትልተን አንድ፣ ሌሎችም አሉ። ቀድሞ እያንዳንዱ የወደደውን ተጫዋች ይሰበስብ ነበርና ዋንጫው ከአንድ ቤት አልወጣ አለ። ከዚያ ኮሚቴው ከአሜሪካኖቹ እግር ኳስ፣ ከዚያ በእጅ ከሚይዙት ማለቴ ነው፣ ድራፍት የሚባል ነገር አመጣ። ድራፍት ስልዎ የሚጠጣውን አይደለም። የተጫዋቹ ሁሉ ስም አንድ ላይ ይቀርብና አሰልጣኞቹ በዕጣ ተራ ይዘው አንድ በአንድ እየጠሩ ይመርጣሉ። ሰፈርዎ የትም ይሁን፣ የጠራዎትን ቡድን ማሊያ ይለብሳሉ።

የሞንትቤሎ አሰልጣኝ አባይነህ ነበር። ቀን ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ውሎ ወደ ማምሻው ልምምድ ያሠራል። እኔ ደጋፊ ነኝ። ደጋፊ ስልዎ ከዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ እንዳይመስልዎ፤ ውሃ እሸከማለሁ፣ ማሊያ አጥባለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሰላለፍ ላይ እከራከራለሁ። አባይነህ ኋላውን ዘግቶ አንድ አጥቂ ብቻ ፊት መተው ይወዳል። እኔ ሁለት አጥቂ ያልተሰለፈበትን ጨዋታ ጨዋታ አልለውም። እርስዎ ለፋብሪካው ቡድን ግራ ተመላላሽ ሆነው ሲጫወቱ ሜዳው አጥር ላይ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

ግንቦት ውስጥ የድራፍቱ ዕለት ሀቫና መንገድ ላይ ባለ ምግብ ቤት አዳራሽ ተሰበሰብን። ዕጣውን ያወጡት ሊቀመንበር እጃቸውን ባርኔጣው ውስጥ ከሚገባው በላይ አቆዩብኝና ነገሩ ደስ አላለኝም። አንደኛው ዕጣ ለእኛ ሲወጣ ግን ጥርጣሬዬን ዋጥ አደረግኩት። ኢሳይያስ አምና የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ኦፕሬሽን መደረጉን ያስታውሳሉ። ሐኪሙ ድኗል ብሎ ለቆታል፤ በልምምድም እንደ ጥንቱ ይሮጥ ነበር። ካሉት አጥቂዎች የሚደርስበት አልነበረም። ይህን እንደ እህት አይደለም የምለው፣ እንደ ደጋፊ ነው። አባይነህ ለመጥራት ሲነሳ ኢሳይያስም ማሊያ ሊቀበል ከወንበሩ ብድግ ማለት ጀምሮ ነበር። አባይነህ «ግዛው» አለ።

ግዛው መጋዘን የሚሠራ፣ ቁመቱ በር የሚያህል የመሀል ተከላካይ ነው። ጥሩ ተጫዋች ነው፣ አልክድም። ግን ጋሼ፣ በአንደኛ ምርጫ ተከላካይ ይወሰዳል? እንደዚያ ያለ አጥቂ ተቀምጦ? ኢሳይያስ መልሶ ተቀመጠ። ሌሎቹ አሰልጣኞች «የሚስቱ ወንድም ነው፣ በሁለተኛው ዙር ይጠራዋል» ብለው መሰለኝ በይሉኝታ አለፉት። ሁለተኛው ዙር ሲደርሰን አባይነህ በረኛ ጠራ። ያኔ የኦሪጅናል ኦሮራው አሰልጣኝ ይሉኝታውን ጥሎ «ኢሳይያስ!» ብሎ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢሳይያስ አልሳቀም። ማሊያውን ተቀብሎ በፊታችን ሲያልፍ አባይነህን ሳይሆን እኔን ነው ያየኝ።

በመኪና ስንመለስ «ለምን?» አልኩት። «ቡድኑ ተከላካይ ያስፈልገው ነበር» አለኝ። «ተከላካይማ በኋለኛውም ዙር ሞልቶ ነበር» አልኩት። «መንገዱን ልይበት» አለኝ። በዚያ ሰዓት ፒዮሪያ መንገድ ላይ የሚታይ ምንም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ፋሲካ ዕለት ኢሳይያስ እንግዳ ፊት «አንተ እኮ የምታሠለጥነው ኳስ ሳይሆን ትራፊክ ነው፤ ሁሉንም ቁም ቁም ትላለህ» ብሎት ሰው ሁሉ ተንፈራፍሮ ስቆ ነበር። አባይነህም አብሮ ስቋል። ግን ሳቁ ከጥርሱ ነው ከሆዱ? ይህን ቂም ይዞ ይሆናል አልኩ። ደግሞ ግዛውን ጠረጠርኩ። ምን ነግሮት ነው? የት ተዋወቁ? ቤተ ክርስቲያን የግዛውን ሚስት አግኝቼ ነገር እያዋዛሁ ጠየቅኋት፤ ዝምድናም አበልጅነትም የላቸውም። ምንም ስላላገኘሁ ነገሩ በደንብ ተደብቋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

በጋውን ሙሉ ኢሳይያስ ለኦሪጅናል ኦሮራ ጎል ሲያዘንብ እኔ በተቃራኒ ማሊያ ቆሜ ማጨብጨብም አለማጨብጨብም አቃተኝ። ቤታችን መምጣት አቆመ። ለእርስዎ የደወለልዎም ያኔ ነው። እርስዎም የአባይነህን ሰላምታ መቀበል ተዉ። አባይነህ ይህን ሁሉ እያየ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የማይናገር ሰው ደግሞ ለእንደ እኔ ያለች ተጠራጣሪ ቤንዚን ነው።

እግዜር ሲያመጣው ነሐሴ ላይ ለዋንጫ የደረስነው እኛና እነ ኢሳይያስ ሆንን። ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ብዛት የጥምቀት ነበር የሚመስለው። አሰላለፉ ሲነበብ የግዛው ስም የለም። ያ በአንደኛ ምርጫ የተወሰደው፣ በጋውን ሙሉ አንድ ጨዋታ ያላመለጠው ተከላካይ ማሊያውን ለብሶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደጋፊው መጀመሪያ አንሾካሾከ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ ከዚያ ከኋላዬ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለሚስቱ ወንድም ዋንጫ ሊያስረክብ ነው!» አለ። ዞር ብዬ ላፈጥበት ፈልጌ አንገቴ እምቢ አለኝ፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበርና።

ኢሳይያስ ገና በጅምሩ አገባብን። እኛም በማዕዘን ምት አቻ ሆንን። ከእረፍት በኋላ ጥቂት እንደተጫወቱ ደመናው ከተራራው በኩል መጣና መብረቅ ብልጭ አለ። በዚህ አገር መብረቅ ከታየ ዳኛው ሁሉንም ሰው ወደየመኪናው ይበትናል። እኔና አባይነህ መኪናችን ውስጥ ተቀመጥን፤ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ጣሪያውን ይደበድበዋል። «አባይነህ፣ ግዛውን ለምን አስቀመጥከው?» አልኩት። «ልምምድ ጎድሎብኝ ነው» አለኝ። ውሸት ነው። ሐሙስ ልምምድ ላይ ለግዛው ውሃ የቀዳሁለት እኔ ነኝ። ይህን ልነግረው ስል ደጋፊዎች ዝናቡን ችለው መጥተው መስኮቱን ይደበድቡ ጀመር፤ «ግዛውን አስገባ! ግዛውን አስገባ!» ይላሉ። አባይነህ መስተዋቱን እስከ ጫፍ ዘግቶ ፊት ለፊት አየ። ከማዶ ግዛው መኪናው ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። የእሱን መስኮት ግን የሚደበድብ፣ የሚጮህበትም ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ ተመለሱ። ግዛው አልገባም። ኢሳይያስ በዚያ ግዛው በሚዘጋው ቦታ ሰንጥቆ ገብቶ ሁለተኛውን አገባ፤ ተሸነፍን። አንዱ የእኛ ደጋፊ ማሊያውን አውልቆ አባይነህ እግር ሥር ወረወረው። አንዷ ደግሞ ለእኔ «እናንተ ምን ቸገራችሁ፣ ዋንጫው እንደሆነ ከቤታችሁ አልወጣ» አለችኝ። ያ ቃል እሾህ ሆኖ ቀረብኝ። እስቲ ይታይዎ፤ በግንቦት ወንድሜን ጠላው ብዬ የጠረጠርኩትን ሰው በነሐሴ አብልጦ ወደደው ብዬ ጠረጠርኩት። እንዲያውም ሁለቱ ተማክረው በጋውን ሙሉ የተጣሉ መስለው አታለሉን ይሆን ብዬ የኢሳይያስን ፊት አጠናሁ። የተማከረ ሰው ፊት አልነበረም፤ የአባይነህን እጅ ሳይጨብጥ ነው የሄደው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ለግምገማ እዚያው የድራፍቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። አንዱ እየተነሳ አንዱ እየተቀመጠ አባይነህን አብጠለጠሉት። እኔም እጄን አወጣሁ። ሚስቱ ልትከላከልለት ነው ብለው ዝም አሉ። እኔ ግን «ልምምድ ጎድሎበት ነው ብለኸኛል፤ እንዳልጎደለበት አውቃለሁ። ለምን አስቀመጥከው?» አልኩት። በሰው ፊት፣ ባሌን። አባይነህ ትንሽ አየኝና «አሰላለፉ የእኔ ነው፣ ሽንፈቱም የእኔ ነው» ብሎ ከአንገቱ ፊሽካውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ፊሽካውን ሲያይ እኔ ግዛውን አየሁ። ያ ሁሉ ሰው «ግዛው ለምን ተቀመጠ» እያለ ሲጮህ አንድም ጊዜ አፉን ያልከፈተው ግዛው ራሱ ነበር። የዋንጫ ጨዋታ የተከለከለ ተጫዋች እንዴት አይቆጣም? ስብሰባው ሳያልቅ ሹልክ ብሎ ወጣ። ተከተልኩት። መኪናውን ሊያስነሳ ሲል በሩን ያዝኩና «ግዛው፣ የተበደልከው አንተ ነህ፤ የማትጠይቀው ለምንድን ነው?» አልኩት። «እትዬ ጽጌረዳ፣ ተዪኝ» አለ። «በሩን አልለቅም» አልኩት።

ከዚያ ተናገረ። ሐሙስ ልምምድ ካለቀ በኋላ ጫማውን ሲፈታ ለጓደኞቹ «ያን ኦፕሬሽን የተደረገ ጉልበቱን አንድ ጊዜ ካገኘሁለት ዋንጫው የእኛ ነው» ብሎ ኖሯል። ስለ ኢሳይያስ ነው። አባይነህ ከኋላ ቆሞ ሰምቶታል። ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ «እሁድ ማሊያህን ለብሰህ ትቀመጣለህ። እኔ ለማንም አልናገርም፣ አንተም አትናገር፤ ልጆች አሉህ፣ ስምህ እንዲበላሽ አልፈልግም» አለው።  «ቀልድ ነበር?» አልኩት። «ቀልድ ነበር ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ሜዳ ውስጥ ገብቼ አደርገው ነበር ወይ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ፣ እኔም አላውቀውም» አለኝ። በሩን ለቀቅኩት። እውነቱን ልንገርዎ፣ «አዎ፣ አደርገው ነበር» ቢለኝ እንኳ ይህን ያህል አያስደነግጠኝም ነበር። የኢሳይያስ ጉልበት ታየኝ፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ጥርሱን ነክሶ ያየሁት ጊዜ ታየኝ።

ቤት ስገባ አባይነህ ወጥ እያሞቀ ነበር። «ግዛው ነገረኝ» አልኩት። እሳቱን አጠፋ። «ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» ስለው «ብነግርሽ ለኢሳይያስ ትነግሪዋለሽ። ኢሳይያስ ደግሞ ግዛውን ፍለጋ ይሄዳል፤ ሁለቱም እዚህ አገር ስደተኛ ናቸው፣ ፖሊስ ቢመጣ ማን ያተርፋቸዋል?» አለኝ። መከራከር ፈልጌ ነበር፤ እንደምነግረው ግን ራሴም አውቃለሁ። «የግንቦቱስ?» አልኩት። «ያኔ ለምን አልጠራኸውም?» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የሌላ ሰው ልጅ ቡድኔ ውስጥ ቢጎዳ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ያንቺ ወንድም በእኔ አሰላለፍ ያ ጉልበቱ ዳግመኛ ቢበጠስ ምን ብዬ እዚህ ቤት እገባለሁ? ባሰልፈው ጉልበቱን እየፈራሁ፣ ባላሰልፈው አንቺን እየፈራሁ በጋውን መግፋት አልቻልኩም። ሌላው ያሰልፈው፣ እኔ እንደ ዘመድ ዳር ቆሜ ልይ ብዬ ነው» አለኝ። ጋሼ፣ አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እኔ ግን እኔ ነኝና በደስታ ብቻ አልተቀበልኩትም። አጥቂን በፍርሃት መተው የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም፤ ኢሳይያስን ቢወስድ ኖሮ ዋንጫው የእኛ ነበር። ይህንንም ነገርኩት። «ይሆናል» አለኝና ወጡን መልሶ ጣደው።

በማግሥቱ ኢሳይያስ ዘንድ ሄዶ የግንቦቱን ብቻ እንዲያስረዳው አስገደድኩት። ሄደ። ኢሳይያስ ሰምቶ ሲያበቃ «እኔ እንቁላል ነኝ እንዴ?» ብሎ ተቆጣ፤ ከመናቅ የባሰው ይኼ ነው አለ። ቢሆንም ባለፈው እሁድ መጣ። ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲራገጥ ውሎ ትንሽ እያነከሰ ነው የገባው። አባይነህ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣና ጉልበቱ ላይ አደረገለት። ኢሳይያስ እግሩን አልሰበሰበም። ትንሽ ቆይቶ «ሁለት ለአንድ» አለው። አባይነህ «የመጀመሪያው ከጨዋታ ውጪ ነበር» አለው። ከዚያ ቤቱ በጭቅጭቅ ተሞላ። እኔ ዳኛ እንድሆን ጠየቁኝ። ከጨዋታ ውጪ ነበር፤ መስመር ዳኛው ለምን ባንዲራውን እንዳላነሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሳሌም «ማሚ፣ ሌት ኢት ጎ» አለችኝ፤ በቃ ተይው ማለቷ ነው።

ቡድኑን አዲስ ሰው ተረክቦታል፤ ያ በግምገማው ከሁሉም በላይ የጮኸው ነው። ለሚመጣው ድራፍት ማንን እንደሚጠራ ከአሁኑ ያወራል። ብዙ የሚያወራ አሰልጣኝ ደግሞ ደስ አይለኝም፤ ዓይኔን ጥዬበታለሁ።

ጋሼ፣ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። የግዛውን ነገር ለኢሳይያስ አይንገሩት። አባይነህ ስሙን፣ አሰልጣኝነቱን፣ ፊሽካውን ከፍሎ የደበቀውን እኛ አንገልጠውም። ሁለተኛው ይኼ ነው፤ መስቀል ዕለት አባይነህ እንኳን አደረሰዎ ሊልዎ በረንዳ ወጥቶ ደውሎ ነበር። ከመስኮት አየሁት፤ ስልኩ ሲጠራ፣ ሲጠራ ቆመና ወደ ኪሱ ከተተው። ሲገባ «ጋሼ እንግዳ በዝቶባቸው አልሰሙትም» አለኝ። እኔ ደግሞ ሰምተውታል፣ ስሙን አይተው ነው ያላነሱት ብዬ ጠረጠርኩ። በዚህ ዓመት ጥርጣሬዬ ስንቴ እንደሳተ ነግሬዎታለሁ። ይህኛውም የሳተ ይሁንልኝ። ደብዳቤው በደረሰዎ ሳምንት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲደውልልዎ እነግረዋለሁ፤ ያንሱለት።

እትዬ ፀሐይነሽን ጉልበትዎን ስማለች ይበሉልኝ። ትህትናን ግንባሯን ይሳሙልኝ፣ በርቺ ብላሻለች አክስትሽ ይበሏት። የሰንበቴ ማኅበርተኞቹን በስም በስም ሰላም ይበሉልኝ። ሳሌም «ትልቁ አባባን ሳሚልኝ» ብላለች፣ ያውም በአማርኛ። ኢሳይያስ ራሱ ይደውልልዎታል። አባይነህ ይህን መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ከሁሉ በፊት የእርስዎን ጤና ጠይቂልኝ ይል ነበር።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤
ታናሽ እህትዎ ጽጌረዳ

ሞንትቤሎ፣ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.